ሁለት ወገን ያልተስማማበት ቁጥር፤ የራስ ገዝ መረቦች መለያ ታሪክና የወለጋ ከተሞች

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚያመራው አውራ ጎዳና በአምቦ፣ በጌዶና በባኮ በኩል አልፎ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ነቀምቴ ይገባል። ከዚያም ወደ ደዴሳ ሸለቆ ወርዶ ወንዙን ይሻገርና ወደ ጊምቢ ይወጣል። ከጊምቢ አንዱ መንገድ በነጆ በኩል ወደ መንዲ፣ ሌላው ወደ ደምቢ ዶሎ ይለያል። በእነዚህ ከተሞች የሚገኝ ባንክ፣ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከማዕከሉ ጋር የሚገናኘው በዚሁ ተራራና ሸለቆ በበዛበት ረጅም አገር ላይ ነው። ግንኙነቱ ሲቋረጥ የሰው ሁሉ ሐሳብ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ መስመሩ ነው፤ ዝናብ አፍርሶት ይሆን፣ የመንገድ ሥራ መኪና በጥሶት ይሆን፣ ወይስ መብራት ጠፍቶ ይሆን ይባላል።

ይሁን እንጂ ገመዱ ደኅና ሆኖ፣ ኤሌክትሪክ ሳይጠፋ፣ በመሣሪያዎቹ ፊት ያሉት መብራቶችም ሁሉ አረንጓዴ እንደ ሆኑ አገልግሎቱ የማይጀምርበት ጊዜ አለ። ለዚህ ምክንያት ከሚሆኑት ብልሽቶች አንዱ፣ የመረጃ ጥቅሎችን መንገድ በሚመሩ ሁለት ጎረቤት ራውተሮች ላይ የተጻፈው የራስ ገዝ መረብ ቁጥር አለመጣጣሙ ነው። ስሕተቱ በራሱ ሲታይ እጅግ ትንሽ ነው፤ አንድ አኃዝ ቢሳሳት ወይም ሁለት አኃዞች ቦታ ቢለዋወጡ ይበቃል። ውጤቱ ግን ለተገልጋዩ ገመዱ ከተቆረጠበት ቀን የተለየ አይደለም። ትንሹ ስሕተት ይህን ያህል ጉዳት የሚያስከትልበትን ምክንያት፣ እንዲሁም የሚታረምበትን መንገድ ለመረዳት፣ ቁጥሩ ከየት እንደ መጣና ምን እንዲያገለግል እንደ ታሰበ ከታሪኩ መነሣት ያስፈልጋል።

ራስ ገዝነትና ድንበር

አንድ አካል የውስጥ ጉዳዩን በራሱ ሥርዓት እያስተዳደረ ከድንበሩ ውጭ ካለው ጋር በስምምነት መገናኘቱ ለወለጋ እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ የሌቃ ነቀምቴ ገዥ የነበሩት ሞረዳ በከሬ ለንጉሥ ምኒልክ ከገበሩ በኋላ፣ አገራቸው የውስጥ አስተዳደሯን እንደ ያዘች ቆይታለች። ልጃቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ይህንኑ ሥርዓት ቀጥለውበታል። ከማዕከሉ ጋር የነበረው ግንኙነት በግብርና በመልእክት የጸና ነበር። በነቀምቴ ቤተ መንግሥት ተጠብቀው ከቆዩት የዚያ ዘመን የአማርኛ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ በታሪክ ምሁራን ተሰብስበው ለኅትመት በቅተዋል። የዘመኑ የደብዳቤ ወግ የታወቀ ነው፤ ላኪው ማን እንደ ሆነና ለማን እንደሚደርስ በመጀመሪያ ይገለጻል፤ ማኅተም ያርፍበታል፤ ጉዳዩ የሚነገረው ከዚህ በኋላ ነው። ተቀባዩ ላኪውን ካላወቀው የደብዳቤው ቃል ምንም ያህል ያማረ ቢሆን አይቀበለውም።

የኮምፒዩተር መረብ መሐንዲሶች ከመቶ ዓመት በኋላ የደረሱበት መፍትሔ በመሠረቱ ከዚህ የራቀ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ የተጀመረው አርፓኔት የተባለው መረብ እያደገና ከሌሎች መረቦች ጋር እየተያያዘ ሲሄድ፣ መተላለፊያ መሣሪያዎቹ በሙሉ እንደ አንድ አካል ሆነው የመንገድ መረጃ መለዋወጣቸው አስቸጋሪ ሆነ። በአንዱ ተቋም መሣሪያ ላይ የደረሰ ስሕተት የሌሎቹ ሁሉ ችግር ይሆን ነበር፤ አንዱ ለማሻሻል ቢፈልግም ሌሎቹ አብረውት እስኪለወጡ መጠበቅ ነበረበት። በቦልት በራኔክ ኤንድ ኒውማን ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኤሪክ ሮዘን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1982 ባወጣው ሰነድ፣ ታላቁ መረብ በራስ ገዝ ሥርዓቶች እንዲከፈል ሐሳብ አቀረበ። እያንዳንዱ ራስ ገዝ ሥርዓት በአንድ አስተዳደር ሥር ያሉ መተላለፊያዎች ስብስብ ሲሆን፣ በውስጡ በመረጠው ዘዴ ይሠራል፤ ከውጭ ጋር የሚነጋገረው ግን በአንድ የጋራ ቋንቋ ነው። ለያንዳንዱም መለያ የሚሆን ባለ 16 ቢት ቁጥር ይሰጠዋል።

ቁጥሮቹን በመዝገብ የመያዙ ሥራ የወደቀው በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተቋም በነበሩት በጆን ፖስቴልና በጆይስ ሬይኖልድስ ላይ ነበር። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በወጡት መዝገቦች ቁጥር 1 ለቦልት በራኔክ ዋና መተላለፊያዎች፣ ቁጥር 3 ለኤም.አይ.ቲ. ተሰጥቶ ይገኛል። ያ መዝገብ በጥቂት ገጾች የሚያልቅ፣ በውስጡ ያሉትም ሰዎች በስም የሚተዋወቁ ነበሩ። አንድ ቁጥር ቢሳሳት ስልክ አንሥቶ ባለቤቱን መጠየቅ ይቻል ነበር። መተዋወቁ የቀረው ኋላ መረቡ ከአሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ሲያዳርስ ነው።

በወረቀት ፎጣ ላይ የተነደፈው ፕሮቶኮል

የመጀመሪያው የውጭ መተላለፊያ ፕሮቶኮል አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። መረቡ እንደ ዛፍ አንድ ግንድና ብዙ ቅርንጫፎች ብቻ እንዳሉት አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ሁለት ቅርንጫፎች በጎን ቢገናኙ መረጃው በክብ እየዞረ መውጫ ሊያጣ ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1989 በቴክሳስ ግዛት በኦስቲን ከተማ በተደረገ የኢንተርኔት መሐንዲሶች ስብሰባ ላይ፣ የሲስኮው ከርክ ሎክሂድና የአይ.ቢ.ኤሙ ያኮቭ ሬክተር በምሳ ሰዓት አዲስ ፕሮቶኮል በወረቀት ፎጣ ላይ ነደፉ። በዚህም ምክንያት እስከ ዛሬ በባለሙያዎች ዘንድ የሦስቱ ፎጣዎች ፕሮቶኮል እየተባለ ይጠራል። ንድፉ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በሰነድ ወጣ፤ ስሙም የድንበር መተላለፊያ ፕሮቶኮል፣ በአህጽሮት ቢ.ጂ.ፒ. ተባለ። አራተኛው እትም በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ተስተካክሎ የወጣው ሰነድ የዛሬው ሥራ መሠረት ነው።

አዲሱ ፕሮቶኮል የክቡን ችግር የፈታበት ዘዴ ቀላል ነበር። እያንዳንዱ የመንገድ መረጃ ያለፈባቸውን ራስ ገዝ መረቦች ቁጥር በተርታ ተሸክሞ ይጓዛል። አንድ መረብ ከደረሰው ተርታ ውስጥ የራሱን ቁጥር ካገኘ፣ መረጃው ዞሮ የመጣ መሆኑን ዐውቆ ይጥለዋል። ከዚህ ቀን ጀምሮ ቁጥሩ የሰላምታ ስም ብቻ መሆኑ ቀረ፤ የመረቡ ሁሉ የመንገድ ካርታ የሚጻፍበት ፊደል ሆነ። ስለሆነም አንድ ራውተር ጎረቤቱን በተሳሳተ ቁጥር ቢቀበለው፣ ስሕተቱ በዚያ ድንበር ላይ አይቆምም፤ በተርታው ተጽፎ እስከ ሩቅ አገር ይደርሳል። ንድፈኞቹ በመግቢያው በር ላይ ጥብቅ ፍተሻ ያኖሩት ስለዚህ ነው።

የመክፈቻው መልእክት

ፍተሻው የሚካሄድበት ሥርዓት እንዲህ ነው። ሁለቱ ጎረቤቶች በመጀመሪያ በቲ.ሲ.ፒ. ፖርት 179 ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ወገን የመክፈቻ መልእክት ይልካል። በመልእክቱ ውስጥ የፕሮቶኮሉ እትም፣ የላኪው ራስ ገዝ ቁጥር፣ ያለ ዜና ሊቆይ የሚችልበት የጊዜ ወሰን፣ የራውተሩ መለያና አንዳንድ ተጨማሪ መግለጫዎች ይገኛሉ። ተቀባዩ በበኩሉ ከዚያ ጎረቤት የሚጠብቀው ቁጥር አስቀድሞ በቅንብሩ ውስጥ ተጽፎ ተቀምጦለታል። የመጣው ቁጥርና የተጠበቀው ቁጥር አንድ ከሆኑ ንግግሩ ይቀጥላል። ካልሆኑ ተቀባዩ ስሕተት ቁጥር 2፣ ንዑስ ቁጥር 2 የሚል ማስታወቂያ ይልካል፤ ትርጉሙም የጎረቤቱ ራስ ገዝ ቁጥር የተሳሳተ ነው ማለት ነው። ወዲያውም መስመሩን ይዘጋል። ጥቂት ቆይቶ ሙከራው እንደ ገና ይጀመራል፤ እንደ ገናም ይፈርሳል። ሰው እስኪያርመው ድረስ እንዲሁ ይቀጥላል።

በዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ ነገር አለ። ራውተሩ የሚያውቀው ሁለቱ ጽሑፎች መለያየታቸውን ብቻ ነው፤ የትኛው ወገን እንደ ተሳሳተ አያውቅም። ማስታወቂያውን የላከው ወገን የተበደለ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ስሕተቱ በራሱ ቅንብር ውስጥ ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ እውነተኛው የትኛው እንደ ሆነ የሚታወቀው ሁለቱ አስተዳደሮች አስቀድመው ከተስማሙበት ጽሑፍ ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከሌለ ብልሽቱ የመሣሪያ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የክርክር ጉዳይ ይሆናል።

ቁጥሩ ስም እንጂ ማኅተም አለመሆኑም መታወቅ አለበት። ማንኛውም ራውተር የፈለገውን ቁጥር ሊናገር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1998 በሁለት ጎረቤቶች መካከል በምስጢር ቃል የሚሠራ ፊርማ በሰነድ የወጣው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ይህም ቢሆን የስምን እንጂ የቃልን እውነተኛነት አያረጋግጥም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 24 ቀን 2008 የፓኪስታን ቴሌኮም የዩቲዩብን አድራሻ የራሱ አስመስሎ ባሰራጨ ጊዜ፣ አገልግሎቱ በዓለም ዙሪያ ለሁለት ሰዓት ያህል ተሰናክሏል። በዚያ ቀን በድንበሩ ላይ የነበሩት ቁጥሮች ትክክለኛ ነበሩ፤ የተሳሳተው የተነገረው መንገድ ነበር።

አንድ አገር በአንድ ቁጥር

የኢትዮጵያ የቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክ እ.ኤ.አ. ከ1894 የሚጀምር ሲሆን፣ የመጀመሪያው ረጅም የስልክ መስመር አዲስ አበባን ከሐረር ጋር በ477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ያገናኘው ነው። በዘመነ ስልከኛ ሁለት ከተሞች የሚገናኙት በማዞሪያው ፊት በተቀመጠ ሰው አማካይነት ነበር። ጠሪው ስሙንና የሚፈልገውን ቦታ ይናገራል፤ ስልከኛው ሰምቶና አጣርቶ መስመሩን ይሰካል። ስም ቢምታታ ስልከኛው ደግሞ ይጠይቃል፤ ስሕተቱም እዚያው ይታረማል። በዛሬው ራውተር ላይ የጎደለው ይህ ደግሞ የመጠየቅ ጠባይ ነው። መሣሪያው ይከለክላል እንጂ አይጠይቅም።

የስልኩ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1952 በቦርድ፣ በ1981 በባለሥልጣን መሥሪያ ቤት፣ በ1996 በኮርፖሬሽን መልክ ተደራጀ። ኢንተርኔት ከመምጣቱ በፊት፣ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ በአዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በኩል በስልክ መስመር የኤሌክትሮኒክ መልእክት የሚለዋወጡ ጥቂት ተጠቃሚዎች ነበሩ። ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት በኮርፖሬሽኑ አማካይነት የተጀመረው በጥር 1989 ዓ.ም. ነው። ኮርፖሬሽኑ በኅዳር 2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ።

በዓለም አቀፉ መዝገብ ላይ የዚህ ተቋም ራስ ገዝ ቁጥር 24757 ነው። የአፍሪካ የቁጥር መዝገብ አፍሪኒክ በሞሪሽየስ ተቋቁሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ሙሉ ዕውቅና እስኪያገኝ ድረስ፣ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ያለው የአፍሪካ ክፍል በአውሮፓው መዝገብ ይገለገል ነበር። የተቋሙ ስም ሲለወጥ ቁጥሩ አልተለወጠም፤ በውጭ ያሉ ጎረቤቶች ሁሉ በቅንብራቸው የጻፉት ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን ነውና። በዚህ ቁጥር ሥር የአገሪቱ የኢንተርኔት ግንኙነት በአመዛኙ ለረጅም ዘመን ተጠቃሎ ቆይቷል። ለውጭ ተመልካች አዲስ አበባም ሆነ ነቀምቴ፣ መቀሌም ሆነ ደምቢ ዶሎ አንድ መረብ ነበሩ።

ይህ ሁኔታ ሁለት ውጤት ነበረው። በአንድ በኩል በአገር ውስጥ የሚያጋጥመው የራስ ገዝ ድንበር ጥቂት ስለ ሆነ፣ ሥራው ቀሎ ቆየ። በሌላ በኩል ስለ ድንበር ቁጥር የሚያስብ ባለሙያ በማዕከሉ ብቻ ተወሰነ። ወረዳ ኔትና ስኩል ኔት የተባሉት የመንግሥት መረቦች በ1990ዎቹ ዓ.ም. በሳተላይት ወደ ወረዳዎችና ትምህርት ቤቶች ሲዘረጉ፣ በኋላም ዋና ዋና ከተሞች በፋይበር ገመድ ሲያያዙ፣ በየከተማው ያለው ቴክኒሽያን ገመድ ማያያዝንና መሣሪያ ማብራትን ተማረ። የድንበሩ ቁጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ የሚጻፍ ነገር ሆኖ ቀረ።

ከነቀምቴ ሲታይ

ድንበሩ በትንሽ መጠን ወደ ወለጋ የገባው ብዙ ቅርንጫፍ ባላቸው ድርጅቶች መረብ በኩል ነው። ባንኮች፣ ወለጋ ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ በ1999 ዓ.ም. ገደማ የተከፈቱ ትልልቅ ተቋማትና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሰፊ መረብ ተጠቃሚዎች ሆነዋል። አንድ ድርጅት ቅርንጫፎቹን በአገልግሎት ሰጪው መረብ አማካይነት ሲያገናኝ፣ በቅርንጫፉ ራውተርና በአገልግሎት ሰጪው ራውተር መካከል ከሚመረጡት ዘዴዎች አንዱ ቢ.ጂ.ፒ. ነው። ለዚህም ዓለም አቀፍ ቁጥር አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ደንብ ከ64512 ጀምሮ ያሉት የመጨረሻዎቹ ቁጥሮች ለግል አገልግሎት ተለይተዋል፤ በዛሬው ሥርዓት እስከ 65534 ያሉት 1,023 ቁጥሮች ያለ መዝገብ ማንም ሊሠራባቸው ይችላል። መዝገብ አለማስፈለጉ ነፃነት ነው፤ የስሕተትም በር የተከፈተው በዚሁ ነው። የግል ቁጥርን የሚጠብቅ ዓለም አቀፍ መዝገብ ስለሌለ፣ ጠባቂው የድርጅቱ የራሱ ወረቀት ብቻ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ድርጅት በነቀምቴ ላለው ቅርንጫፉ 65010 የሚል ቁጥር ሰጠ እንበል። በሌላው ወገን የተቀመጠው ባለሙያ ግን 65001 ብሎ ጻፈ። በነቀምቴ ያለው ቴክኒሽያን ገመዱን ይፈትሻል፤ ደኅና ነው። ወደ ጎረቤቱ ራውተር የሙከራ ጥቅል ይልካል፤ መልስ ይመጣለታል። አገልግሎቱ ግን የለም። የጎረቤቱን ሁኔታ ሲመለከት ግንኙነቱ አንዴ ሥራ ፈት፣ አንዴ ሙከራ ላይ መሆኑን እየደጋገመ ያያል። ይህን ምልክት የማያውቅ ሰው ገመድ ይለውጣል፤ ከዚያም ራውተር ይለውጣል፤ በመጨረሻም ከአዲስ አበባ ሰው ይጠራል። ምልክቱን የሚያውቅ ግን መዝገቡን ከፍቶ የ2/2ን ማስታወቂያ ይፈልጋል።

በአንዳንድ ራውተሮች መዝገብ ላይ ከማስታወቂያው ጋር ያልተጠበቀው ቁጥር ራሱ ተጽፎ ይገኛል፤ ሆኖም በ16 መሠረት የቁጥር አጻጻፍ ስለሚሆን የማያውቀውን ያደናግራል። የኢትዮ ቴሌኮምን ቁጥር ብንወስድ 24757 በዚህ አጻጻፍ 60ቢ5 ይሆናል። ቢ የምትወክለው 11ን ስለ ሆነ፣ 6 ጊዜ 4096፣ 0 ጊዜ 256፣ 11 ጊዜ 16 እና 5 ሲደመሩ 24757 ይመጣል። ይህን ስሌት በወረቀት ጠርዝ ላይ መሥራት የቻለ ቴክኒሽያን፣ ሌላው ወገን የሰማው ቁጥር ምን እንደ ነበር በደቂቃ ውስጥ ያውቃል። ከዚያ የሚቀረው ስልክ ደውሎ፣ በሁለቱ ወገኖች ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር አኃዝ በአኃዝ ማነጻጸር ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ብልሽት ከመጀመሪያው ይልቅ ስውር ነው። በነቀምቴና በጊምቢ ላሉት ሁለት ቅርንጫፎች አንድ ዓይነት ቁጥር፣ 65010 ተሰጠ እንበል። በዚህ ጊዜ ሁለቱም ከአገልግሎት ሰጪው ጋር ያላቸው ግንኙነት ይጸናል፤ የስሕተት ማስታወቂያ አይወጣም፤ ሌላ ቁጥር ካለው የአዲስ አበባ ዋና መሥሪያ ቤት ጋርም ይገናኛሉ። ነቀምቴና ጊምቢ ግን እርስ በርሳቸው አይተያዩም። ምክንያቱ ከላይ የተጠቀሰው የ1989 እ.ኤ.አ. ብልሃት ነው። ከጊምቢ የተነሣው የመንገድ መረጃ በተርታው ውስጥ 65010ን ይዞ ነቀምቴ ሲደርስ፣ የነቀምቴው ራውተር የራሱን ቁጥር አይቶ ዞሮ የመጣ መስሎት ይጥለዋል። መድኃኒቱ ለያንዳንዱ ቅርንጫፍ የተለየ ቁጥር መስጠት፣ ወይም አገልግሎት ሰጪው የተደጋገመውን ቁጥር በራሱ ቁጥር እየተካ እንዲያስተላልፍ ማድረግ ነው። ለየብቻ የተሰጡ ቁጥሮችን አንድ ሰው በአንድ ገጽ ላይ ቢጽፋቸው ኖሮ ግን መደጋገሙ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በታየ ነበር።

ሦስተኛው ምክንያት ባለቤትነት ሲለወጥ የሚመጣ ነው። ሁለት ድርጅቶች ሲዋሐዱ ወይም አገልግሎት ሰጪው መረቡን ሲያድስ አንዱ ቁጥር ይቀራል። በማዕከሉ በአንድ ሌሊት የተደረገ ለውጥ በየከተማው ባሉ ራውተሮች ላይ ካልተጻፈ፣ በማግሥቱ ጠዋት ቅርንጫፎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይዘጋሉ። ራውተሮች ለዚህ ጊዜ የሚሆን ጊዜያዊ ዘዴ አላቸው፤ አዲሱን ቁጥር ይዘው ለአንድ ጎረቤት ብቻ በአሮጌው ቁጥር እንዲናገሩ ማድረግ ይቻላል። ይህ ዘዴ ግን ለመሸጋገሪያ የታሰበ ነው፤ ሳይመዘገብ ከተረሳ ከዓመታት በኋላ ለሚመጣው ባለሙያ እንቆቅልሽ ሆኖ ይቆያል።

ቁጥሮቹ ሲበዙ

በ16 ቢት ሊጻፉ የሚችሉት ቁጥሮች 65,536 ብቻ ናቸው። ይህ መጠን በ1982 እ.ኤ.አ. የማያልቅ ይመስል ነበር። ከ25 ዓመት በኋላ ግን ማለቁ ስለ ታወቀ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣ ሰነድ ቁጥሩ ወደ 32 ቢት ሰፋ። አዲሶቹን ቁጥሮች የማያውቁ አሮጌ ራውተሮች ከመረቡ እንዳይወጡ ሲባልም 23456 የሚል አንድ ምትክ ቁጥር ተለየ። ከ65,535 በላይ የሆነ ቁጥር ያለው ራውተር በመክፈቻው መልእክት በአሮጌው ቦታ 23456 ይጽፍና እውነተኛ ቁጥሩን በተጨማሪ መግለጫው ውስጥ ያኖራል።

ይህም አዲስ ዓይነት አለመጣጣም አመጣ። አሮጌው ራውተር ተጨማሪውን መግለጫ ስለማይረዳ የሚያየው 23456ን ብቻ ነው፤ ስለዚህ በቅንብሩ የጎረቤቱ ቁጥር ሆኖ መጻፍ ያለበት ይኸው ምትክ ቁጥር ነው። ባለሙያው 23456ን በመዝገብ ላይ ሲያይ የሌላ ድርጅት መረብ ገብቶበት ሊመስለው ይችላል። በተጨማሪም ትልቁን ቁጥር በሁለት መንገድ መጻፍ የተለመደ ነው፤ ለምሳሌ ለሰነድ ማስረጃ ብቻ ከተለዩት ቁጥሮች አንዱ 65550 ሲሆን፣ በነጥብ አጻጻፍ 1.14 ይባላል። ሁለቱ አንድ ቁጥር ናቸው፤ በስልክ ሲነገሩ ግን ሁለት ይመስላሉ። ያገለገለ መሣሪያ ከዋና ከተማ ወደ ክፍለ ሀገር በሚወርድበት አገር፣ አሮጌና አዲስ ራውተር በአንድ ድንበር ላይ ፊት ለፊት የሚገናኙበት ዕድል ቀላል አይደለም።

ብልሽቱን በስሙ መጥራት

በወለጋ የግንኙነት መቋረጥ ተራ ነገር ሆኖ አያውቅም። ከታኅሣሥ ማብቂያ እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ዞኖች ከጸጥታው ሁኔታ ጋር በተያያዘ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተዘግቶ ቆይቷል። በእንዲህ ያለ አገር መስመር ሲጠፋ ሕዝቡ የሚጠይቀው ጥያቄ ከአንድ በላይ ነው፤ ተበጠሰ፣ ተዘጋ ወይስ ተበላሸ ይላል። ቴክኒሽያኑ ኔትወርክ የለም ብሎ ቢመልስ ሦስቱንም አንድ አድርጎ ጥርጣሬውን ማባባሱ ነው። ገመዱ ደኅና ነው፣ የድንበሩ ቁጥር አልተጣጣመም፣ ይህንም ከዚህኛው ወረቀት ጋር አስተያይተን እናርመዋለን ብሎ መናገር ከቻለ ግን፣ ለተገልጋዩ አገልግሎቱን ብቻ ሳይሆን እምነቱንም ይመልስለታል። ደመወዙን ለመቀበል ባንክ ደጃፍ ላይ ለተሰለፈ መምህር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የድንበሩ ጉዳይ ወደ ፊት የበለጠ እንጂ ያነሰ አይሆንም። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ዘርፉን ለውድድር ከፈተ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ፈቃድ አግኝቶ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ። አንድ ተቋም ብቻ በነበረበት ዘመን ሁለቱም የመስመር ጫፎች በአንድ አለቃ ሥር ስለ ነበሩ፣ አለመጣጣም ሲገኝ በቤት ውስጥ ይታረም ነበር። ባለቤቶች ሲበዙ ግን በድንበሩ በሁለቱም ወገን የተለያየ አለቃ ያለው ባለሙያ ይቆማል። ያን ጊዜ አንዱ ሌላውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ራውተሩም አይፈርድም።

ስለሆነም ከአርባ ዓመት የቁጥር ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ለሥራ የሚውል ነው። በየድንበሩ የራስን ቁጥር፣ የጎረቤትን ቁጥር፣ የሁለቱን አድራሻ፣ ስምምነቱ የተደረገበትን ቀንና በሁለቱም ወገን ተጠያቂ የሆነውን ክፍል የያዘ አንድ ገጽ መዘጋጀት አለበት። ገጹ በአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ መሣሪያው ባለበት ክፍል ውስጥ መቀመጥ ይገባዋል። ቁጥር ሲለወጥ ሁለቱም ቅጂዎች በአንድ ቀን ይታረማሉ። ፖስቴልና ሬይኖልድስ በጥቂት ገጾች ላይ የያዙት መዝገብ ያን ሁሉ መረብ ያስተሳሰረው በረቂቅነቱ አልነበረም፤ ሁሉም ሊያየው የሚችል፣ ሁሉም የተስማማበት ጽሑፍ በመሆኑ ነበር። ከነቀምቴ ቤተ መንግሥት የተገኙት ደብዳቤዎችም ማን ከማን ጋር በምን እንደ ተስማማ ዛሬ የሚያስረዱት ተጽፈው ስለ ተቀመጡ ነው።